ጃርት የታሰረበት ገጽ

በልጅነቴ ከእናትህ ቀጥሎ ማን ይወድሃል ብትሉኝ ጋሼ ቦልቴ እላችሁ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ስለ እሱ ሳወራ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ረስቼው አይደለም።

የወደድኩት፣ ድምፅ እንደሚያመኝ የገባው ስለመሰለኝ ነው። ማንኪያ ከሰሃን ጋር ሲጋጭ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አናቴ ላይ ጠጠር የሚደፉብኝ ይመስለኛል። ሰው ሰብሰብ ብሎ ግማሹ በወላይትኛ ግማሹ በአማርኛ ሲያወራ ደግሞ ቃላቱ እየተጋጩ ይሰባበሩብኝና ሁለት ጆሮዬን ይዤ እጮኻለሁ። ይህ ሁሉ ኦቲዝም የሚባል ስም እንዳለው ያወቅነው ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ሶዶ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ቃሉን የሰማ አልነበረም። አንዱ ዱዳ ነው ይላል፤ ሌላው መንፈስ አለበት ይላል፤ የቀረው እናቴን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ዱዳ አልነበርኩም። የማይሆንልኝ ጥያቄ ነበር። ሰው «ሚልክያስ፣ ስምህ ማነው?» ሲለኝ ስሜን ጠርቶ ስሜን ለምን እንደሚጠይቀኝ ግራ ይገባኝና ዝም እላለሁ። የተነበበልኝን ነገር ግን አንዲት ቃል ሳላዛንፍ እወጣዋለሁ። ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች።

እናቴ አስካለች ከገበያው ጀርባ ባለች የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ትሠራ ነበር። አባቴ ታሞ ሲሞት እኔ ገና ቆሜ መሄድ አልጀመርኩም ነበር። የምንኖረው አያቴ ለሁለት ልጆቹ ትቶት በሞተው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑንና መኝታ ክፍሎቹን አጎቴ ከሚስቱ ከአገርነሽና ከልጁ ከቤቴል ጋር ይዟቸዋል፤ ለእናቴና ለእኔ ጥጓ ላይ ያለችው አንድ ክፍል ደርሳናለች። በእኛና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ ያበቃል። ኮርኒስ የለም፤ በራችንም መጋረጃ ነው። ስለዚህ እነሱ ሲበሉ እንሰማለን፤ እኛም ስናነብ ይሰማሉ።

በየምሽቱ እራት ከበላን በኋላ እናቴ እግሬን በሞቀ ውኃ ታጥበኝና አልጋው ላይ ከጎኔ ጋደም ትላለች። የምታነብልኝ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ተቀዶ አልሸጥ ሲል ባለ መደብሩ የሰጣት ስስ የልጆች መጽሐፍ። ሌላ ብታመጣልኝ አልቀበልም። እንዲህ ይላል፤ ዝናብ ዘነበ። ጃርት ማደሪያ አጣ። የፍየልን በር አንኳኳ። «አሳድሩኝ» አለ። ፍየልም «ዛሬ እንግዳ አለብኝ፤ እሾህህን አይተው ይደነግጣሉ፤ ሂድልኝ» አለው። ከዚያ ጃርት ዶሮ ቤት ይሄዳል፤ ዶሮም ትከለክለዋለች። በመጨረሻ ኤሊ ቤት ይደርሳል። ኤሊም «ግባ፤ እኔም ድንጋይ ለብሼ ነው የምኖረው» ትለዋለች።

ድንጋይ የምትለው ቃል ላይ ስንደርስ አብረን ነበር የምንላት። እናቴ ለፍየል ወፍራም ድምፅ፣ ለዶሮ ቀጭን ድምፅ፣ ለኤሊ ደግሞ የራሷን ድምፅ ትሰጣለች። አንድ ቃል ከቦታዋ ከተነቃነቀች ተነስቼ እቀመጣለሁ፤ ሳታስተካክለውም አልተኛም። ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚመጣብኝ ሳላውቅ እውላለሁ፤ የሚመጣውን ሁሉ የማውቅበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር።

ጋሼ ቦልቴ ጸጥ ያለ ቤት የሰጠኝ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ቤታችን እንግዳ አያጣም። በዚያ ሰሞን ግን ከዲምቱ የመጡ ሰዎች ቤቴልን ለልጃቸው ሊጠይቁ ይመላለሱ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አጎቴ ወደ ክፍላችን መጣና ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙ ሰው እንደሚመጣ፣ ጫጫታው ጆሮዬን እንዳያመኝ ጸጥ ያለ ቤት እንደሚወስደኝ ነገረኝ። እንደዚያ ቀስ ብሎ አናግሮኝ አያውቅም ነበር። ተከተልኩት።

ቤቱ ጓሮ ያለው የዝንጅብል ማከማቻ ነው። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሽታው አፍንጫዬን ያቃጥለኛል፤ ሆኖም ሽታ ድምፅ የለውምና አልጠላሁትም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ትንንሽ ክብ ይሠራል፤ ክቦቹ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። እግሬ ከምሰሶው ጋር በገመድ ታሰረ። እንዳትጠፋ ነው አለኝ አጎቴ። እኔም መጥፋት አልፈልግም ነበር። በሩ ሲዘጋ የምስጋና ቃል ፈልጌ አልመጣልኝም።

እኔ የማስታውሰው እዚያ ውስጥ ስዘፍን እንደዋልኩ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አገርነሽ ለእናቴ ስትነግራት እንደሰማሁት ግን አልዘፈንኩም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ።

ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጸጥተኛው ቤት እወሰድ ነበር። አጎቴ ይናገርብኛል ብሎ አልፈራም። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹ ይህ ልጅ ቃል አይዝም፣ ምንም አይገባውም ይላቸው ነበር፤ ራሱም ያምነው ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ እግሬን ስታጥበኝ፣ እስከዚያ ጫማ የላጠው እያለች ታልፈው የነበረው ቁርጭምጭሚቴ ላይ እጇ ቆመ። ወደ አምፖሉ አዙራ አየችው። ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ጥያቄ ስለሆነ ዝም አልኩ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ አደረቀችኝ፣ አስተኛችኝ፣ መጽሐፉን ከፈተች። ፍየሉ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ» ሲል ግን አንድ ነገር ልነግራት ፈለግሁ። ፍየሉ ክፉ ነው፤ ጃርትን ዝናብ ላይ አባረረው። እኛ ቤት ያለው ሰው ግን እንደዚያ አይደለም።

«እኔን ጋሼ ቦልቴ እንግዳ ሲመጣ ጸጥ ያለ ቤት ያስገቡኛል» አልኳት። «እንዳልጠፋም እግሬን ያስሩኛል።»

እናቴ ማንበቧን አቆመች። መስመሩ መሃል ላይ ነበር ያቆመችው፤ መስመር መሃል ላይ ማቆም ደግሞ ከምንም በላይ የማልችለው ነገር ነው። ጨርሺው አልኳት። ቆየች። ጨርሺው አልኳት። ጨረሰችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ወፍራሙም ቀጭኑም እንደነበረ ነው። ድንጋይ የምትለዋን ቃል ግን ብቻዬን አልኳት።

ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሳሎን ወጣች። የተባባሉትን ሰማሁ፤ የገባኝ ግን ጥቂቱ ነው። አጎቴ ልጅቷ ቤት ትቅርልሽ ወይ፣ ሰዎቹ እሱን አይተው ይህ ነገር በደማቸው አለ ብለው ቢሄዱስ አላት። በማግስቱ አጥር ላይ ካለ እሾህ ጣቴን ወግቼ ደሜን አየሁት። ቀይ ነው፤ ምንም የለበትም። ጋሼ ቦልቴ እንዳይጨነቅ ላሳየው ፈልጌ ጣቴን ይዤ ቆምኩ፤ አልፎኝ ሄደ። አገርነሽ ደግሞ ያን ምሽት ባሏን፣ እንግዶቹ ድምፁን ሰምተው ሲጠይቁህ የጎረቤት ጥጃ ነው አላልካቸውም ወይ ስትል ሰማኋት። ይህም ገረመኝ፤ ጎረቤታችን ጥጃ የለውም። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ስፈልግ ሰነበትኩ። ጥጃው እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ነው፤ ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም።

በመጨረሻ አጎቴ ለእናቴ፣ ካልተስማማሽ በሩ ያውልሽ አላት። በመጋረጃው ጠርዝ አሻግሬ አየሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር።

እናቴ ተመልሳ ከጎኔ ተኛች። አላለቀሰችም። እጇን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርጋ «ታ ናአው» አለችኝ፤ በወላይትኛ ልጄ ማለት ነው። ያንን ቃል የምትለው ስታዝን ይመስለኝ ነበር። ቆርጣ ስትነሳም ትለዋለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ስትሄድ ይዛኝ ትሄድ ጀመር። መደብሩ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ላይ ተቀምጬ እርሳስ በየቀለሙ እደረድራለሁ። ወደ ዝንጅብሉ ቤት ሁለተኛ አልተመለስኩም። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እነዚያ የብርሃን ክቦች ትዝ ይሉኝ ነበር።

መጽሐፉም የተሳሳተው በዚያው ሳምንት ነው። እናቴ ፍየሉ «ሂድልኝ» ካለ በኋላ ገጹን ሳትገልጥ ቀጠለች፤ ፍየልም ጃርትን በጓሮ በኩል ወሰደው አለች። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። የለም አልኳት።

«አለ» አለችኝ። «ሲታተም ዘለውት ነው።»

ጠዋት ገጹን ገልጬ ክፍተቱን በጣቴ ስፈልግ ነበር። ዛሬ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፤ ነገር ከመታተሙ በፊት ስሕተት እለቅማለሁ፤ የተዘለለ መስመርም አገኛለሁ። ያኔ ግን በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ነጭ ቦታ አየሁና እውነቷን ነው፣ እዚህች ጋ ነበር አልኩ። ለጥቂት ምሽቶች ጮኽኩ፣ መጽሐፉን ወረወርኩ። እሷ ሳትቆጣ አንስታ እንደገና ታነባለች፤ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። ለእኔ ትክክል ማለት የተደጋገመ ማለት ነው። ቀስ በቀስ አዲሱ መስመር ትክክለኛው ሆነ። ያኔ ሌላ ጨመረችበት። ሲለመድ ደግሞ ሌላ።

ድምፅዋንም ከፍ አደረገች። ዝናቡን ለማሸነፍ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከእነዚያ ምሽቶች ብዙዎቹ ዝናብ አልነበረባቸውም። ከግድግዳው ወዲያ የአጎቴ ማዕድ ነበር።

ፍየሉ ጥቁር ኮት ለበሰ። ፍየሉ ምግብ ከመብላቱ በፊት ረጅም ጸሎት ይጸልይ ጀመር። ከወዲያ የማንኪያው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ እኔም ለጆሮዬ ሲሉ ነው ብዬ ደስ ይለኛል። አጎቴ ያስላል። ራዲዮ ይከፍታል። እናቴ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ራዲዮኑ ሲዘጋ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ምሽት መጋረጃው ጋ መጥቶ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እየጸለይን ነው አላት። ለልጄ መጽሐፍ እያነበብኩለት ነው አለችው፤ ከፈለግህ ገብተህ አዳምጥ ብላ ከአልጋው ጠርዝ ሸሸት አለችለት። አልገባም። ቀስ በቀስ እራቱን ከእኛ ሰዓት በፊት ተቻኩሎ መብላት፣ አንዳንዴም ሳይበላ መውጣት ጀመረ። ጥቁር ኮቱ ሰፋበት። ሆዱን ያመዋል ብዬ አዘንኩለት።

በቀሏ ይሄ ብቻ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አምኜ ነበር። ለእኔ ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ለእሷ ግን ገና ዝግጅት ነበር።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ካለፈ በኋላ የዲምቱ ሰዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የሚመጡበት ምሽት ደረሰ። የልጁ አባት አቶ ባዳቾ ራሱ ነው የሚመጣው ተባለ። አጎቴ ጠዋት ክፍላችን መጥቶ እናቴን አንገቱን ደፍቶ ለመናት፤ የዛሬን ብቻ ልጁን ይዘሽ እዚሁ ቆይ፣ ቶሎ ይተኛልሽ አላት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ አንብቤለት አስተኛዋለሁ አለችው። አመሰገናት። እጇንም ይዞ ባረካት።

ማታ ሳሎኑ ሞላ። የቅቤውና የዳጣው ሽታ በግድግዳው አናት እየተሻገረ ይመጣል። ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ይስቃል። ጋቢ ተከናንቤ እናቴ ብብት ሥር ገባሁ። የማዕዱ ጸሎት ተጸለየ፤ ሰዎቹ ጎርሰው ዝም ዝም ሲሉ እናቴ መጽሐፉን ከፈተች። እንደዚያን ምሽት ያማረ ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም። ከወዲያ አንድ ሰው፣ ለልጅ ሲነበብ እንዴት ደስ ይላል አለ። ሌሎቹም ጸጥ አሉ።

ፍየሉ «ሂድልኝ» አለው። እናቴም ገጹን ገለጠች።

ጋቢውን ጥዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ክረምቱን ሙሉ ስትጨምር የከረመችውን በሙሉ ዘላዋለች። መጽሐፉ ላይ የታተመውን ብቻ ነበር ያነበበችው።

«አልጨረስሽውም» አልኳት።

«ጨርሻለሁ» አለች፤ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሳ።

«ዘለልሽው።»

«እንግዲያው አንተ በለው።»

አልኩት። ሲከፋኝ ድምፄ ከፍ ይላል፤ እሷም ይህን ታውቃለች። «ፍየልም ጃርትን በጓሮ በኩል ወሰደው። ዝንጅብል ካለበት ቤት አስገባው። እግሩንም ከምሰሶው ጋር በገመድ አሰረው። ጃርትም ጮኸ። እንግዶቹም፣ ይህ የምን ድምፅ ነው አሉ። ፍየልም ጥቁር ኮቱን አስተካክሎ፣ የጎረቤት ጥጃ ነው አላቸው።»

ከግድግዳው ወዲያ የሚጎርስ ሰው አልነበረም። እናቴ ትክክል ነህ፣ እኔ ተሳስቼ ነው አለችና ራሴን ሳመችኝ። ተሳስታ አልነበረም። በሕይወቷ እንደዚያ አስተካክላ ያነበበችው ነገር የለም።

መጋረጃው ተገለጠ። ረጅም፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ ቆሟል፤ አቶ ባዳቾ ነው። ከኋላው ሰዎቹ ቆመዋል፤ ቤቴልም የሥጋ ሰሃን እንደያዘች ቆማለች። አቶ ባዳቾ መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ባዶ እግሬን አየ። ጠባሳው ያን ጊዜ ገና ቀይ ነበር።

«ልጄ፣ ፍየሉ ማነው?» አለኝ።

የሰው ጥያቄ አልመልስም ነበር። ይህ ግን የመጽሐፍ ጥያቄ ነው፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር፤ ሰው ዝም ሲል ቃል ይመጣልኛል።

«ጋሼ ቦልቴ ናቸው» አልኩ። ለካ ፍየሉ እሳቸው ናቸው ብዬ ያሰብኩት ስናገረው ነው። ቀጥሎ ደግሞ የምወዳትን ሰው ላመሰግናት ፈለግሁ። «በሩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የምታስረኝ ግን ቤቴል ናት። እንዳያመኝ ሻሿን ከገመዱ ሥር ታደርግልኛለች።»

መጽሐፉ ከእናቴ እጅ ወደቀ።

ያንን እሷ አላስተማረችኝም። አታውቀውም ነበር። ጋሼ ቦልቴ ያስገቡኛል፣ እግሬን ያስሩኛል ስላት በአንቱታ ስለ አንድ ሰው የተናገርኩ መስሏት ነበር። እኔ ግን ስለ ሁለት ሰው ነበር የተናገርኩት።

አጎቴ እናቴ ላይ ጣቱን ቀስሮ እሷ ናት፣ አስጠንታው ነው አለ። እውነት ተናገረ። ነገር ግን ከጎኑ የቆመው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው፣ ቃል አይዝም ምንም አይገባውም ስትለን አልነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አቶ ባዳቾ አልተቆጣም። ባርኔጣውን አደረገና ወደ ቤቴል ዞረ።

«የእኔ እናት አርጅታ ሰው አታውቅም፤ ቀን ከሌት ትጮኻለች» አላት። «ልጄን ስታገቢ የምትጠብቂያት አንቺ ነበርሽ።»

ሰዎቹ ተነስተው ወጡ። የጫማ ኮቴ፣ የመኪና በር፣ ከዚያ ጸጥታ። ይህ ሁሉ እንግዳ በአንድ ጊዜ መሄዱ ለእኔ ደስ የሚል ነበር። ሽንት ቤት ልሄድ ጓሮ ስወጣ ቤቴል ወደ ዝንጅብሉ ቤት ገብታ ጥጉ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ጸጥታ ፈልጋ መስሎኝ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁላት።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ዕቃችንን አውጥቶ ደጅ ላይ አስቀመጠው። እናቴ አልተከራከረችም፤ ጋሪ ጠርታ ጫነችና ኦቶና አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔ የወጣነው ለጆሮዬ ሲባል መስሎኝ ነበር፤ አዲሱ ቤታችን ጸጥ ያለ ነበርና። ወሬው ግን ቀድሞን ሶዶን አዳርሷል። አጎቴን ከሽማግሌነቱ አነሱት። እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር ወደ መጨረሻው ወረደ፤ እናቴም እሱ ይቀመጥበት በነበረው የፊት ወንበር እኔን ይዛ መቀመጥ ጀመረች። ስንገባ እንዲያየን ትንሽ አርፍደን እንሄድ ነበር።

ቤቴል ግን ከቤት አልወጣችም። የዲምቱው ልጅ ሌላ አገባ። ቤቴል አላገባችም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገርነሽ ኦቶና ያለው ቤታችን መጥታ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች። መጀመሪያ የሚያስረኝ አጎቴ ነበር አለች፤ ገመዱ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገባ ያጠብቀዋል። ቤቴል ስታየው አባቷን እግሩ ላይ ወድቃ፣ እኔ ልሰረው ብላ ለመነችው። ለእናቴ ያልነገረቻት አባቷን ፈርታ ነው፤ ሠርጓንም ፈልጋ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው አለች አገርነሽ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። እንግዳዋን ሸኝታ ስትመለስ ያን ምሽት አላነበበችልኝም፤ ራስ ምታት ነው አለችኝ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ተኛ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሽማግሌ ሆነው እናቴ ዘንድ መጡ፤ ሳይሞት ይቅርታ ይፈልጋል አሏት። የታሰረው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁት አለቻቸውና ወደ እኔ አመለከተች። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ።

ደጁን የከፈተችልኝ ቤቴል ናት። ጠጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። ወደ ውስጥ አስገባችኝና ራሷ ውጭ ቀረች። አጎቴ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶለት ተኝቷል፤ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አፉ ወደ አንድ ወገን ስለሄደ ቃሉ ይንሻፈፋል። ያደረገውን በስሙ ጠርቶ ተናገረ፤ ዝንጅብል ቤቱን፣ ገመዱን፣ ጥጃውን። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ፣

«ሚልኪ፣ ቂም ይዘህብኛል?» አለኝ።

አንዱ ሽማግሌ ጆሮዬ ሥር፣ የለም በለው፣ በሞት አፋፍ ላይ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ። የለም የምትለው ቃል ግን እውነት አልነበረችም። ቁርጭምጭሚቴ እስከ ዛሬ ካልሲ አይችልም። በሩ የተዘጋበት ክፍል ውስጥ መተኛት አልችልም። ለዚያ ሰው ደግሞ በሩን ሲዘጋብኝ የምስጋና ቃል ስፈልግለት ነበር።

«አዎ» አልኩት።

የሚቀጥል ነገር ያለኝ መስሏቸው ሁሉም ጠበቁ። አጎቴም በደህነኛው ዓይኑ አፍ አፌን ያየኝ ነበር። የሚቀጥል ነገር አልነበረኝም። ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ፤ እንባው የሚወርደው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። እጄን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ እራት አቅርባ ትጠብቀኝ ነበር። ቆጮና ጎመን ነው። ከፊቷ ተቀመጥኩና መብላት ጀመርን። የተባለውን ሁሉ በተባለበት ቃል ነገርኳት። አለቀሰ ወይ አለችኝ። አለቀሰ አልኳት። ደግ አለች። ከወትሮው ትልቅ አድርጋ ጎረሰች፤ ለእኔም አጎረሰችኝ። አፉ ወደየት ወገን እንደሄደ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ሽማግሌዎቹ ስወጣ ምን እንደመሰሉ አንድ በአንድ እየጠየቀች በላች። እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

«ቤቴልስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ደጁን ከፈተችልኝ» አልኳት። «ውጭ ቆማ ቆየች። ስወጣም ዘጋችው።»

«ምንም አላለችህም?»

«ምንም።»

እናቴ የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችው። ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ታጠበች።